የእጅ ሙያ ጥግ፦ የባንድሶ ስለት ከመግዛታችሁ በፊት እንጨቱን ለኩ

ባለፈው ዕትም የወንበር እግር አገጣጠምን እንቀጥላለን ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝና እሱ ለሚቀጥለው ይቆየን። በዚህ ወር ዝም ብዬ የማላልፈው ነገር ገጥሞኛል፤ ጥፋቱም በከፊል የራሴ ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እዚህ ካኩማ በእኛ ሰፈር ስድስት ልጆች ተሰባስበው የእንጨት ሥራ ጀምረዋል። አራቱ ተማሪዎቼ ነበሩ። ገንዘቡን ያዋጡት ከየቤታቸው ነው። የአንዱ እናት ቡና እያፈላች ከምትሸጥበት የጣለችውን ዕቁብ ሰጠች፤ ሌላው ወንድሙ ከውጭ የላከለትን አመጣ። በዚያ ገንዘብ ያገለገለ ባንድሶ ገዙና በጄኔሬተር ያሠሩት ጀመር። ብዙም ሳይቆዩ የሃያ አግዳሚ ወንበር ትእዛዝ አገኙ። ደስታቸውን ማየት ነበር!

ታዲያ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሁለት ስለት ሰበሩ። በሁለተኛው ደግሞ የአንዱ ልጅ ጥፍር ተነቀለ። ጣቱ ተርፏል፤ እግዜር ይመስገን። በማግስቱ እናቱ እቤቴ ድረስ መጥታ «መምህር፣ አይዞህ ግዛ ያሉት እርስዎ ነዎት» አለችኝ። ምን እመልሳለሁ? እውነቷን ነው። ልጆቹ ደግሞ ማሽኑ ሟርት አለበት፣ እንሽጠው ይላሉ።

እኔ መምህር እንጂ አናጢ አይደለሁም። ነገር ግን መምህራን ማሠልጠኛ ሳለን የእጅ ሥራ ትምህርት ነበረን፤ በወርክሾፑ አንድ አሮጌ ባንድሶ ነበር። አስተማሪያችን ማሽኑን ከማስነሳቱ በፊት ሁልጊዜ የሚቆረጠውን እንጨት በሜትር ይለካ ነበር። ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። አሁን ሁለቱን የተሰበሩ ስለቶች አስመጥቼ፣ ማስመሪያና ሲባጎ ይዤ ሄድኩ። ሟርት የለም። ሁለቱም ስለቶች ለሌላ ሥራ የተሠሩ ናቸው።

ባንድሶ ለማታውቁ፣ ከላይና ከታች ሁለት መንኮራኩር ያለው ማሽን ነው። በእነሱ ላይ ረጅም ቀጭን መጋዝ እንደ ቺንጋ ይጠመጠማል። መጋዙ በጠረጴዛው መሐል ሁልጊዜ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሠራተኛው እንጨቱን ይገፋለታል። ቀጥ ያለውንም ጠማማውንም ይቆርጣል፣ ወፍራም ግንድም ሰንጥቆ ጣውላ ያወጣል። ይህን ሁሉ ይሠራል ሲባል ግን በአንድ ዓይነት ስለት ይሠራል ማለት አይደለም። ልጆቹ ብሌድ የሚሉት፣ እኔ ስለት የምለው፣ እሱ ነው የሚለያየው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው የእንጨቱ ውፍረት ነው። በስለቱ ካርቶን ላይ ቲ.ፒ.አይ. የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ፤ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ጥርስ እንዳለ የሚገልጽ ነው። አንድ ኢንች ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። በየሁለቱ ጥርስ መካከል ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። ያንን ጎድጓዳ ቦታ እንደ ትንሽ ቁና ቁጠሩት። ጥርሱ የፋቀውን ሰጋቱራ በዚያ ቁና ይዞ በእንጨቱ ውስጥ ያልፍና ከታች ሲወጣ ያራግፈዋል። እንጨቱ ወፍራም፣ ጥርሱ ደቃቅ ከሆነ ቁናው ገና መንገድ ላይ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ጥርሱ እንጨት መንካቱ ይቀርና ሰጋቱራ ላይ ይንሸራተታል። ስለቱ ይግላል፣ እንጨቱ ይጨሳል፣ ልጁም አልቆርጥ ሲለው በኃይል ይገፋል። ስለቱ ወደ ጎን ይጎብጣል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል።

ጥርሱ ሻካራ፣ እንጨቱ ስስ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። በእንጨቱ ውስጥ በአንድ ጊዜ ያለው ጥርስ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከሆነ፣ ጥርሱ ጠርዙን ነክሶ ይጎትታል፣ ይሰነጥቃል፤ ጥርሱም ሊረግፍ ይችላል።

ስለዚህ የሙያው ሰዎች የሚሄዱበት ስሌት አለ። በማንኛውም ጊዜ በእንጨቱ ውስጥ ቢያንስ 3 ጥርስ ይኑር፤ ከ6 እስከ 12 ቢሆን በጣም ጥሩ ነው፤ ከ24 ግን አይለፍ። ይህ እኮ የአራተኛ ክፍል ማባዛት ነው! የእንጨቱን ውፍረት በኢንች ለክታችሁ በጥርሱ ቁጥር ታባዛላችሁ። ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ጣውላ፣ 6 ጥርስ ባለው ስለት፣ 6 ይሆናል፤ ግሩም ነው። ያው ጣውላ በ3 ጥርስ ስለት 3 ብቻ ነው፤ ይቆርጣል፣ ግን ሻካራ ነው። ስድስት ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ የሩብ ኢንች ያህል ነው፤ በ14 ጥርስ ስለት ሦስት ተኩል ገደማ ይደርሳል፣ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ልጆቹ እንመለስ። የመጀመሪያው ስለት 14 ጥርስ ያለው ነበር። የሰነጠቁበት ደግሞ አሥር ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ማቴንጌ ነው። አሥር ሳንቲ ሜትር አራት ኢንች ነው፤ አራት ጊዜ 14 ሃምሳ ስድስት ጥርስ። የተፈቀደው 24! ማቴንጌ ደግሞ እንደምታውቁት ሲቃጠል ከሰሉ የሚያስደስት፣ ሲቆረጥ ግን እንደ አጥንት የሚጠነክር እንጨት ነው። እንዲህ ያለውን ደቃቅ ስለት ለምን ገዛችሁ አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩና አንዱ ቀስ ብሎ «ቲቸር፣ እርስዎ ነዎት ጥርሱ የበዛው ንጹህ ይቆርጣል ያሉን» አለኝ። ብያለሁ። ለኮምፔንሳቶ እውነት ነው፤ ለግንድ ግን ውሸት ነው። ምን ልትቆርጡበት ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም።

ሁለተኛው ጥያቄ ምን ያህል ጠመዝማዛ ትቆርጣላችሁ የሚለው ነው፤ ይህ የስለቱን ስፋት ይወስናል። ስፋት ማለት ከጥርሱ ጫፍ እስከ ጀርባው ያለው ነው። ሰፊ ስለት በቆረጠው ቦይ ውስጥ መዞር አይችልም፤ ጀርባው ይገታዋል። ጠባብ ስለት ይዞራል፣ ግን ወፍራም እንጨት ቀጥ አድርጎ ለመሰንጠቅ አቅም የለውም፤ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። በግምት፣ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ከመሐል እስከ ዳር 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ያዞራል። የ6 ሚሊ ሜትሩ 16 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከለስላሳ ቆርኪ ጥቂት ሰፋ ያለ ክብ። የ10 ሚሊ ሜትሩ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ፣ ከሻይ ብርጭቆ አፍ ሰፋ ያለ። የ13 ሚሊ ሜትሩ ስድስት ሳንቲ ሜትር ተኩል፣ የ19 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ 14 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል፤ ይሄኛው ትሪ የሚያህል ክብ ነው። ከዚህ በላይ ማጠማዘዝ ካስፈለገ በግድ አትጎትቱት። ከሚጣለው ወገን በኩል እስከ መስመሩ ድረስ ትንንሽ ቀጥ ያሉ ቁርጦች አስገቡ፤ ጠመዝማዛውን ስትቆርጡ ፍርፋሪው እየወደቀ ለስለቱ ቦታ ይለቅለታል።

ሁለተኛው የተሰበረው ስለት ታሪኩ እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሲሰበር ልጆቹ ተቃራኒውን እንሞክር ብለው 6 ሚሊ ሜትር ገዙ። ቅስት ለመቁረጥ የተሠራውን ቀጭን ስለት ያንኑ ማቴንጌ ሰንጥቅ አሉት። ያውም ግንዱን ክብ እንደሆነ፣ ምንም ሳይደግፉት። ክብ እንጨት ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም እኮ፣ ይንከባለላል። ስለቱ ወደ ታች ሲጎትተው ግንዱ ተሽከረከረ፣ የልጁን እጅ ይዞት ዞረ፣ ስለቱም ተጠማዞ ተበጠሰ። ጥፍሩ የሄደው እዚያ ላይ ነው። ግንድ ስትሰነጥቁ መጀመሪያ አንድ ጎኑን በመጥረቢያ ጠርባችሁ አስተኙት፤ ወይም ከሁለት ቁራጭ ጣውላ መሐሉ ጎድጎድ ያለ መደገፊያ ሠርታችሁ ግንዱን እዚያ ላይ በምስማር አጥብቃችሁ ግፉ። ምስማሩ ግን ስለቱ ከሚያልፍበት መንገድ ይራቅ።

ሦስተኛው ጥያቄ የማሽኑ ነው። ርዝመትና ውፍረት።

ርዝመቱን ሻጩ ሲጠይቃችሁ በግምት አትመልሱ። የአንዱን መንኮራኩር ወርድ ለኩ፣ በ3.14 አባዙ። ከላይኛው መሐል እስከ ታችኛው መሐል ያለውን ርቀት ለኩ፣ በሁለት አባዙ። ሁለቱን ደምሩ፤ መንኮራኩሮቹ እኩል ከሆኑ በቃ። የልጆቹ ማሽን መንኮራኩር 35 ሳንቲ ሜትር ነው፤ መሐል ለመሐል 64። 35 በ3.14 ሲባዛ 109.9፣ 64 በሁለት 128፤ ድምሩ 237.9 ሳንቲ ሜትር። ሰባተኛ ክፍል «ፓይ ለምን ይጠቅማል?» ብላችሁ ስታስቸግሩኝ የነበራችሁ ልጆች፣ ለዚህ ይጠቅማል። ስትለኩ ላይኛውን መንኮራኩር ከፍና ዝቅ በሚልበት ቡሎን መሐል ላይ አድርጉት፤ እንዲወጠርም እንዲላላም ቦታ ይኑረው።

ውፍረቱን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ እኔም ረስቼው ነበር። ስለቱ በየዙሩ በሁለቱ መንኮራኩሮች ላይ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ሽቦ ደጋግማችሁ ስታጥፉት እንደሚቆረጠው ነው ነገሩ። መንኮራኩሩ ትንሽ፣ ስለቱ ወፍራም ሲሆን ከጥርሱ ሥር መሰንጠቅ ይጀምራል። የጥንቱ ደንብ የመንኮራኩሩን ወርድ ለሺህ አካፍሉ ይላል፤ 350 ሚሊ ሜትር ሲካፈል 0.35። በተግባር በዚህ መጠን ባለው ማሽን እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ድረስ ይሠሩበታል፣ ዕድሜው ትንሽ ቢያጥርም። የልጆቹ የመጀመሪያ ስለት ግን 0.9 ነበር። 20 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 0.9 ውፍረት፣ 14 ጥርስ፤ ይህ የብረት መቁረጫ ስለት ነው! ሻጩ አውቆ ይሁን ሳያውቅ አልፈርድም፣ ርዝመቱ ልክ ነው ብሎ ሰጣቸው። ሻጭ የሚጠይቀው ርዝመቱን ነው፤ የቀረውን መጠየቅ የእናንተ ፋንታ ነው።

«ታዲያ ይህን ስስ ነገር በማስመሪያ እንዴት ለካኸው?» የሚል አይጠፋም። ከተሰበረው ላይ አምስት አጫጭር ቁራጭ ቆርጬ፣ ጥርሱን ሳይሆን ጀርባ ጀርባውን ደራርቤ ጨምቄ ለካሁ፤ አራት ሚሊ ሜትር ተኩል መጣ። ለአምስት አካፈልኩ። አዲስ ስለት ሲሆን ግን ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት።

ስለ ጥርስ ቅርጽ ብዙ አልልም። ጥርሱ ወደ ፊት ዘንበል ያለውና መንጠቆ የሚመስለው «ሁክ» ይባላል፤ ለወፍራምና ለጠንካራ እንጨት ይስማማል። ቀጥ ብሎ ጥርሶቹ የተራራቁት «ስኪፕ» ለሚያጣብቅና ለለስላሳ እንጨት፣ ለምሳሌ ሙጫው ላላለቀ ሳይፕረስ ጥሩ ነው። የተቀራረበው መደበኛ ጥርስ ለስስና ለጥራት ነው። ከብረቱ ዓይነት ተራው ካርቦን ስቲል ለእኛ ይበቃል። የዕቃ መጫኛ ፓሌት አፍርሳችሁ የምትሠሩ ከሆናችሁ ግን ቢሜታል የሚባለው ይሻላል፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ድንገት ምስማር ቢያገኘው ከተራው ይልቅ ይቋቋማል። እሱንም ቢሆን ምስማሩን ነቅላችሁ፣ ከአሮጌ ስፒከር በወጣ ማግኔት ጣውላውን ዳስሳችሁ ነው።

ለነገሩ ይህ ማሽን ከጥንትም ያስቸገረው በስለቱ ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ኒውቤሪ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1808 የባንድሶን ፈጠራ አስመዝግቦ ነበር። ሆኖም እየታጠፈ የሚዘረጋውን ሥራ የሚችል፣ መጋጠሚያው የማይለቅ ስለት መሥራት ስላልተቻለ ማሽኑ ለብዙ ጊዜ ጥቅም ላይ ሳይውል ቆየ። በ1846 አን ፖሊን ክሬፓን የተባለች ፈረንሳዊት የስለቱን ሁለት ጫፍ የምትበይድበትን ዘዴ ይዛ እስክትመጣ ድረስ ማለት ነው። ማሽኑ ሠላሳ ስምንት ዓመት ስለት ጠብቋል።

ብየዳውን ካነሳን ዘንድ፣ የተበጠሰ ስለት በተራ የኤሌክትሪክ ብየዳ አስበይዳችሁ አትጠቀሙ። ቦታው እንደ ብርጭቆ ይደርቅና በመጀመሪያው መታጠፍ ይሰበራል። ለዚሁ ሥራ የተሠራ ማሽን፣ ወይም በብር ብየዳ መሥራት የሚያውቅ ባለሙያ ካላገኛችሁ ይቅርባችሁ።

ልጆቹ የቀራቸው ገንዘብ ለአንድ ስለት ብቻ ነበር። ሁለት ቢሆን ጥሩ ነበር፤ አንዱ ለመሰንጠቂያ፣ አንዱ ለቅስት። አንድ ከሆነስ? ቁጭ ብለን አሰላነው። እግሩ አሥር ሳንቲ ሜትር ማቴንጌ ነው፤ መቀመጫውና መደገፊያው ከኪታሌ የመጣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ሳይፕረስ። 4 ጥርስ ያለው ስለት ብንወስድ ለማቴንጌው 16 ጥርስ ይሆናል፤ ለሳይፕረሱ 4። ሁለቱም ከ3 በላይ፣ ከ24 በታች ናቸው። የመደገፊያው ቅስት ሰፊ ስለሆነ 13 ሚሊ ሜትር ስፋት ያዞረዋል። ስለዚህ 13 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 0.6 ውፍረት፣ 4 ጥርስ፣ ሁክ፣ 238 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ብለን በወረቀት ጽፈን ሰጠናቸው። ያንን ወረቀት ይዞ የሄደው ልጅ ሻጩ ሌላ ሊሰጠው ሲል እምቢ ብሎ፣ ሳምንት ጠብቆ የተጻፈውን ይዞ መጣ። ጎበዝ! ከሁለት ሳንቲ ሜትር በታች የሆነውን ስስ ነገር ለጊዜው በእጅ መጋዝ ይቆርጡታል።

አገባቡን አብረን ሠራነው። ጄኔሬተሩን አጥፍታችሁ፣ መሰኪያውን ነቅላችሁ ጀምሩ። ጥርሱ በጠረጴዛው ላይ ወደ ታችና ወደ እናንተ ይይ። ወደ ላይ ካየ ስለቱን እንደ ካልሲ ገልብጡት እንጂ ማሽኑን አትጠራጠሩ። በእጃችሁ መንኮራኩሩን እያዞራችሁ ስለቱ መሐል መሐሉን መሄዱን እዩ። የጎን መሪዎቹ ከስለቱ ጋር የአንድ ወረቀት ክፍተት ይኑራቸው፤ ጥርሱን ግን አይንኩ፣ ከጥርሱ ኋላ ይሁኑ። ከኋላ ያለው መደገፊያ ስለቱ ባዶውን ሲዞር አይነካውም፣ እንጨት ሲገፋ ብቻ ይነካዋል። የላይኛውን መሪ እንጨቱን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አውርዱ፤ ስለቱም ቀጥ ይላል፣ ጣታችሁም የሚገባበት ክፍት ቦታ ያንሳል።

ጓንት አታድርጉ፤ ስለቱ ጨርቁን ይዞ እጃችሁን ይጎትታል። የማቴንጌ ብናኝ እንዳያፍናችሁ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ግን ጫፉ በሚንጠለጠል ሻሽ አይሁን። መጨረሻ ላይ እንጨቱን በጣት ሳይሆን በዱላ ግፉ። በየዙሩ «ጭቅ ጭቅ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ስለቱ ሊሰነጠቅ ጀምሯል፤ ወዲያው አጥፉ። ከተበጠሰም ሁለቱም መንኮራኩሮች ሙሉ በሙሉ እስኪቆሙ በሩን አትክፈቱ። ማታ ስትዘጉ ውጥረቱን አላሉት። ሙጫ የያዘውን ጥርስ ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ በነጭ ጋዝና በብሩሽ ጥረጉ፤ ጋዙ ሳይደርቅ አታስነሱ። ሰጋቱራው እንደ ዱቄት ከደቀቀ፣ መግፋትም ከከበዳችሁ ስለቱ ደንዟል ማለት ነው፤ በጉልበት አታካክሱት።

ይህን በምጽፍበት ጊዜ ከሃያው ወንበር አሥራ አንዱ አልቋል፤ ስለቱም አለ። ጥፍሩ የተነቀለው ልጅ በፋሻ በታሰረ ጣቱ ወረቀት ላይ እያሰላ «ቲቸር፣ የዛሬው 18 ጥርስ ነው፣ ያልፋል» ይለኛል። እናቱ ግን ገና ሰላምታ የምትሰጠኝ በግማሽ ልብ ነው። ዕቁቧ እስኪመለስላት ድረስ መብቷ ነው።

ባንድሶ ያላችሁ ሌሎች ቡድኖች ስለት ልትገዙ ስታስቡ የመንኮራኩሩን ወርድ፣ የመሐል ለመሐሉን ርቀትና የእንጨታችሁን ውፍረት ጽፋችሁ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ብቅ በሉ፤ አብረን እናሰላለን። የተሰበሩትንም አትጣሉ፤ በእንጨት እጀታ ቢወጠሩ ጥሩ የእጅ መጋዝ ይወጣቸዋል። የወንበር እግር አገጣጠም በሚቀጥለው ዕትም። ቸር እንሰንብት።